ከሚያብለጨልጨው አዲስ ያገለገለው ብረት

የብስክሌት ገበያ እንደ መኪና ገበያ አይወራለትም። ይሁንና በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ለብስክሌት የተለየ መስመር መሠመሩ፣ ጠዋት ማታ የታክሲ ሰልፍ ለሰለቸው ደመወዝተኛ አንድ ሐሳብ ጭሮለታል።

ይህ ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ መርካቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ብስክሌት ይታወቃል። ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር፣ ዲስክ ፍሬን፣ 21 ማርሽ፣ ደማቅ ቀለም፤ የኮርቻው ላስቲክ ገና አልተቀደደም። ዋጋ ሲጠየቅ «ላንተ ብዬ ነው ወንድሜ» ይቀድማል። ከሱቁ ጥግ ደግሞ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ከኋላው አሞርዛተር የሌለው፣ ቱቦዎቹ ቀጫጭን የሆኑ አንድ ያገለገለ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሻጩ ራሱ ካልተጠየቀ ስለሱ አያነሳም። ገንዘቡ የተወሰነ ሸማች ጊዜ ወስዶ ሊያየው የሚገባው ግን ይኼኛውን ነው።

ምንዛሪውና ምርጫው

ብስክሌትም መለዋወጫውም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ከ57 ብር ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን ተሻገረ። እንደ ሰርሊና ማሪን ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከኋላ አሞርዛተር የሌለው፣ ፍሬሙ ከጥሩ ብረት የተሠራ ማውንቴን ብስክሌት ያመርታሉ፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ከመቶ ሺሕ ብር ያልፋል ማለት ነው። ይህ የደመወዝተኛው መንገድ አይደለም።

የሚቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የውዱን መልክ ይዞ በርካሽ የተሠራው አዲስ ብስክሌት ነው። ሁለተኛው ዱሮ በደህና ዋጋ ተሽጦ ዛሬ ያረጀው ያገለገለ ብስክሌት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በተገዙበት ቀን ሳይሆን አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ርካሹ አዲስ ብስክሌት የኋላ አሞርዛተሩ መጋጠሚያ ይላላል፣ ዲስኩ ይጣመማል፣ ማርሹ ይዘላል፤ ሲጠገንም ክፍሎቹ ከሌላ ብስክሌት ጋር አይገጥሙም። ያገለገለው ብረት ግን አጥንቱ ደህና ከሆነ፣ የሚያልቀው ሁሉ የሚቀየር ነው።

ለዚህ ታሪካዊ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው አሜሪካዊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተራራ ተብሎ የታሰበ ፍሬም ሲሠራ የተጠቀመው ክሮሞሊ የሚባለውን ቅይጥ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔሻላይዝድ በብዛት አምርቶ የሸጠው ስታምፕጃምፐርም ብረት ነው። አሉሚኒየም ገበያውን እስኪወርስ፣ ማለትም እስከ 1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት አጋማሽ ድረስ፣ ደህና ማውንቴን ብስክሌት ማለት በአብዛኛው የብረት ብስክሌት ማለት ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ የትሬክ 800 እና 900 ተከታታይ ሞዴሎች፣ የስፔሻላይዝድ ሮክሆፐርና የመሰሏቸው ዛሬም በየአገሩ ይነዳሉ። እዚህም አልፎ አልፎ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ይገኛሉ፤ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ የሚመለስ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ጓዙን ሲሸጥ ደግሞ መጠየቅ አይከፋም።

ብረትም ከብረት ይለያል

«ብረት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በብስክሌት ዓለም ሁለት ዓይነት ብረት በስፋት ይገኛል። አንደኛው ሃይ ቴን የሚባለው ተራ ብረት ነው። ጥንካሬው አነስተኛ በመሆኑ ቱቦው ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ ክብደቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ክሮሞሊ፣ በቁጥሩ 4130 የሚባለው፣ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ክሮሚየምና ጥቂት ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ነው። ጠንካራ ስለሆነ ቱቦውን ማሳሳት ይቻላል። ደህና ተደርጎ የተሠራው እንዲያውም ብየዳ በሚያርፍበት ጫፍና ጫፉ ላይ ወፍሮ፣ መሐሉ ላይ ይሳሳል። ደህና የብረት ማውንቴን ብስክሌት ተጠቃሎ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ከፊትና ከኋላ አሞርዛተር የተሸከመው ርካሽ ብስክሌት ከ16 እስከ 18 ኪሎ ይደርሳል። በሜዳማዎቹ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ይህ ልዩነት ብዙ ላይታሰብ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችውና ዳገቷ በማያልቀው አዲስ አበባ ግን፣ አራት ኪሎ ትርፍ ብረት በየቀኑ የሚገፋ ሸክም ነው።

ታዲያ ሸማቹ በምን ይለያል? ማግኔት ብረትን ከአሉሚኒየም ይለያል እንጂ ብረትን ከብረት አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ይስባል። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ካልተፋቀ ይረዳል፤ ተለጣፊ ግን በጥቂት ብር ታትሞ ሊለጠፍ እንደሚችል መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ከሁሉ የሚሻለው ምልክት የተደበቀው ኮርቻውን በተሸከመው ዘንግ ላይ ነው።

ዘንጉ ተስቦ ሲወጣ፣ ከታችኛው ጫፉ አካባቢ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል። በዚያ ዘመን በተሠሩት አብዛኞቹ የብረት ፍሬሞች ላይ፣ ዘንጉ የሚገባበት ቱቦ የውጭ ስፋት 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ 25.4 ከሆነ የቱቦው ግድግዳ በእያንዳንዱ ጎን 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍሯል ማለት ነው፤ ይህ የተራ ብረት ምልክት ነው። ዘንጉ 26.8 ወይም 27.2 ከሆነ ግን ግድግዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ እንዲህ የሳሳ ቱቦ የሚሠራው ከጥሩ ብረት ነው። ሻጩ ስለ ብረቱ ምንም ቢል ይህ ቁጥር አይዋሽም። ብቻ ዘንጉ የራሱ መሆኑን፣ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ የገባ የሌላ ብስክሌት ዘንግ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ተራ ብረትስ ጨርሶ አይገዛም ወይ? ይገዛል። ሠፈር ውስጥ ለሚነዳ፣ ሜዳ ላይ ለሚመላለስ፣ ልጁን ለሚያስተምር ሰው ይበቃል፤ ዋጋው ግን የተራ ብረት ዋጋ መሆን አለበት።

ብረት በአሉሚኒየም ላይ ያለው ሌላው ብልጫ ጥገናው ነው። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ፍሬም ልዩ የብየዳ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ብዙው ቅይጥ ደግሞ ከተበየደ በኋላ ጥንካሬው እንዲመለስ በልዩ ምድጃ እንደገና መሞቅ አለበት። የብረት ፍሬም ግን ሙያውን የሚያውቅ በያጅ በነሐስም ሆነ በጋዝ ያያይዘዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የመስኮትና የበር ፍርግርግ የሚበይድ ሁሉ ቀጭን ክሮሞሊ አይበይድም። በኤሌክትሪክ ብየዳ ቱቦውን በስቶ የሚመልስ አለ።

አሞርዛተሩና ፍሬኑ

ሸማቹን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡት ሁለት ጌጦች የፊት አሞርዛተርና ዲስክ ፍሬን ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ሲሆኑ ጥሩ ናቸው፤ ርካሽ ሲሆኑ ግን ባይኖሩ ይሻላል። ርካሹ አሞርዛተር ውስጡ ሞላ ብቻ ነው። ዘሎ የሚመልሰውን የሚያረጋጋ ዘይት የለውም፤ ክብደቱ ብቻውን ከ2 ኪሎ ያልፋል፤ ዳገት ላይ ነጂው በቆመ ቁጥር ጉልበቱን ይውጣል፤ ጭቃና አቧራ ሲገባው ደግሞ ይነክሳል። ደረቅ የብረት ሹካ የዚያ ግማሽ ያህል ይመዝናል፤ የሚበላሽ ነገርም የለውም። የኮብል ድንጋይ ንዝረት የሚቀንሰው ሰፊ ጎማ ነው፤ 2.1 ኢንች ስፋት ያለውና ነፋሱ ከመጠን በላይ ያልተሞላ ጎማ ከርካሽ አሞርዛተር የበለጠ ያገለግላል። አሞርዛተሩ የሞተ ብስክሌት የገዛ ሰው በደረቅ ሹካ ሊተካው ይችላል፤ አዲሱ ሹካ ግን ከአሮጌው ብዙ ማጠር የለበትም። ካጠረ የብስክሌቱ አፍንጫ ይደፋና መሪው ይቀብጣል።

ፍሬን ግን የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው 500 ሜትር ያህል ከፍታ ቁልቁል ይለቃል፤ ከፊቱ አህያም፣ አይሱዙም ሊኖር ይችላል። በቀጭን ሽቦ የሚጎተት ርካሽ ዲስክ ፍሬን አያያዙ ደካማ ነው፤ ሳህኑ ከታጠፈ ይፈትጋል፣ ሸራውም እንደ ልብ አይገኝም። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ያዋለው ቪ ብሬክ፣ ማለትም በሁለት ረጃጅም ክንዶች ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚጨብጠው፣ በዚህ ዋጋ የተሻለ ነው። ጎማው ሲያልቅ በብሎን ተፈትቶ በደቂቃዎች ይቀየራል። የቪ ብሬክ ክንዶች የሚታሠሩባቸው ጉጦች ፍሬሙና ሹካው ላይ መበየድ አለባቸው፤ ለዲስክ ብቻ የተሠራ ፍሬም እነዚህ የሉትም።

ቪ ብሬክ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቸርኬው አሉሚኒየም መሆን አለበት። ኒኬል የተነከረ የብረት ቸርኬ ሲያዩት ያምራል፤ ክረምት ገብቶ ሲርስ ግን የፍሬኑ ጎማ ያንሸራትተዋል፤ ነጂው እጁን ጨብጦ ይዞ ብስክሌቱ ይሄዳል። ስለዚህ ማግኔቱ ኪስ ውስጥ ቢኖር ሁለት ሥራ ይሠራል። ፍሬሙን ሲይዝ፣ ቸርኬውን ሲለቅ ጥሩ ነው። ሁለቱንም ከያዘ የቸርኬ መቀየሪያ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ጎማና ማርሽ

ከ26 ኢንች፣ ከ27.5ና ከ29 የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በውጭ አገር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። እዚህ መልሱ አጭር ነው፤ ጎሚስታው ዘንድ ጎማና ከመነዳሪው በቀላሉ የሚገኝለት 26 ነው። የዱሮዎቹ ብረቶችም ሁሉም ማለት ይቻላል 26 ናቸው። አንድ መሳሳቻ ግን አለ። 26×2.10 እንደሚለው በነጥብ የተጻፈውና 26×1⅜ እንደሚለው በክፍልፋይ የተጻፈው ስማቸው አንድ ሆኖ ቸርኬያቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይገባም።

ማርሽ ላይ ሻጩ የሚጠራው ቁጥር 21 ወይም 24 ነው። ዳገት የሚያስወጣው ግን የማርሹ ብዛት ሳይሆን ትንሹ የፊት ጥርስና ትልቁ የኋላ ጥርስ ናቸው። ከፊት 24፣ ከኋላ 28 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.77 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው 1.34 ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ዳገቱ በአራተኛ እጅ ቀለለ ማለት ነው። ጥርሶቹን በጣት መቁጠር ነውር የለውም።

የኋላው ማርሽ አሠራርም ይታይ። በርካሾቹና በጣም በቆዩት ላይ ማርሹ በጥርስ ሞዞው ላይ ይጠመጠማል፤ በዚህ አሠራር አክሲሉን የሚደግፈው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ስለሚርቅ፣ ጉድጓድ ሲበዛ አክሲሉ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። በተሻሉት ላይ ኩሽኔታው ወደ ጫፍ ይወጣል። መለያው ቀላል ነው፤ ማርሹ ወደ ኋላ ሲዞር መሐሉ ላይ ያለው ጥርሳም ቀለበት አብሮ ከዞረ የተሻለው ነው፤ ቀለበቱ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ የመጀመሪያው ነው።

ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት

ያገለገለ ብስክሌት በመጀመሪያ የሚታየው በመንዳት ሳይሆን በመገልበጥ ነው። የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ከመሪው አንገት ጋር የሚገናኙበት ሥር በጣት ይዳሰሳል፤ ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም አብጦ ከተገኘ ብስክሌቱ ከግድግዳ ወይም ከመኪና ጋር ተላትሟል። ዝገት ከላይ ያለው አያስፈራም፣ በሸካራ ወረቀት ይለቃል። የሚያስፈራው ከውስጥ የሚበላው ነው። ውኃ የሚጠራቀመው ፔዳሉ በሚዞርበት ቤት አካባቢ ነውና፣ ኮርቻው ከነዘንጉ ወጥቶ በባትሪ ወደ ውስጥ ይታይ፤ ከሥር በጥፍር ወይም በቁልፍ ይጫን። የሚሰረጉድ ከሆነ ቸር ይግጠመን ብሎ መነሳት ነው።

ዘንጉ አልወጣ ካለስ? ከዝገት ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ለሸማቹ ቁመት ትክክል ከሆነ ችግሩ ለጊዜው ይታለፋል፤ ካልሆነ ግን ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ከዋጋው ይቀነሳል። ቁመትን በተመለከተ 1.70 ሜትር ገደማ ለሚሆን ሰው 17 ወይም 18 ኢንች ፍሬም ይስማማዋል። መሬት ላይ ሁለት እግሩን ተክሎ ሲቆም፣ በብልቱና በላይኛው ቱቦ መካከል ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር መኖር አለበት። «ኮርቻው ዝቅ ይላል» የሚለው የሻጭ መልስ ለዚህ አይሆንም፤ ዝቅ የሚለው ኮርቻው ነው እንጂ ቱቦው አይደለም።

ካቴናው በማስመሪያ ይለካል። ከአንድ ፒን ተነስቶ 24 መጋጠሚያ ሲቆጠር፣ ርዝመቱ አዲስ ከሆነ 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 30.6 ካለፈ ካቴናው ይቀየር፤ 30.8 ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹንም በልቷቸዋልና አብረው ይቀየራሉ። ይህች አንዲት ልኬት ብቻዋን ጥሩ የመከራከሪያ ነጥብ ናት፤ ሻጩ «ገና አዲስ ነው ጌታዬ» ሲል ማስመሪያውን ማሳየት ነው።

የፔዳሉ ክንድ ወደ ጎን ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ ውድ ዕቃ አይደለም። ለመካኒኩ ግን አንድ ነገር መንገር ይጠቅማል። በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ በካቴናው በኩል ያለው ክዳን የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ይዞ የፍሬሙን ጥርስ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የተጎዳው ክፍሉ ሳይሆን አጥንቱ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይከፈል

ለስሌት ያህል ሸማቹ 40 ሺሕ ብር ይዟል እንበል። ሙሉውን ለሻጩ ቆጥሮ የሰጠ ሰው ብስክሌቱን ወደ ቤት ያስገባዋል እንጂ አይነዳውም። ያገለገለ ብረት ሲገዛ ከአራት እጅ ሦስቱ፣ ማለትም ወደ 30 ሺሕ ያህሉ ለብስክሌቱ፣ የቀረው ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለፍሬን ሽቦና ለኩሽኔታ ቅባት ቢቀመጥ ይመረጣል። በዚያው ገንዘብ የራስ ቆብና ቁልፍ ይገዛበታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ ሽቶና ጫማ ከሚያስመጣ፣ ጥሩ የፍሬን ጎማና ካቴና ቢያስመጣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ሻጩ ሱቅ ካለው ደረሰኝ ይጠየቃል። ሻጩ ግለሰብ ወይም ደላላ ከሆነ ግን ወረቀት የግድ ነው፤ የተሰረቀ ብስክሌት የገዛ ሰው ንብረቱንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላልና። በአብዛኞቹ ፍሬሞች ላይ መለያ ቁጥሩ ተገልብጠው ሲታዩ ፔዳሉ በሚዞርበት ቤት ሥር ተቀርጿል። ይህ ቁጥር፣ የሻጩ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ዋጋውና ቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍረው ሁለት ምስክር ይፈርምበታል። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ከተገኘ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ግብይቱ እዚያው ላይ ያበቃል።